መዝገቡ ለማያውቃችሁ ሰው ነው

(ባሕር ዳር ውስጥ ለመጋባት ለተሰናዱ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

ጥር ላይ ስለ ጋብቻ የሚያወራ ሰው ሰሚ አያጣም። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ከተማው የሙሽራ ነው። ቅዳሜና እሁድ በጣና ዳር ለማለፍ የሞከረ ያውቀዋል። ክላክሱ፣ ጭፈራው፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ የሚቀርጸው ካሜራማን። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይማ የሙሽራ ፎቶ ቤት ሆኗል ማለት ይቻላል። ያምራል፣ ይቀጥል። እኔ ግን ማንም ፎቶ ስለማያነሳው ነገር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ስለ ቀበሌው የጋብቻ መዝገብ።

ጠበቃ ነኝ። ሰው ሲጋባ ወደ እኔ አይመጣም። ሲፋታ፣ ሲሞትበት፣ ቤት ሲሸጥ፣ ቪዛ ሲጠይቅ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጋብቻን የማየው በጓሮ በር ነው። በዚያ በኩል ስታዩት ወረቀቱ ለባልና ሚስቱ እንዳልተጻፈ ይገባችኋል። እነሱማ መጋባታቸውን ያውቃሉ። የተጻፈው ለማያውቃቸው ሰው ነው። ለባንክ ሠራተኛው፣ ለዳኛው፣ ለኤምባሲው፣ ቤቱን ለሚገዛው፣ ከሌላ እናት ለተወለደው ልጅ።

ወላጆቻችን ያለዚህ መዝገብ ኖረዋል፣ ምክንያትም ነበራቸው። ደቅ ደሴት ላይ ወይም ዘጌ ውስጥ አንድ ሰው ሲያገባ ዳስ ይጣላል። ሽማግሌ ይላካል፣ ዋስ ይጠራል፣ ካህኑ ይመጣል። አገሩ በልቶ ጠጥቶ ይመሰክራል። ከ20 ዓመት በኋላ «እገሌ እገሊትን አግብቷታል ወይ?» ብትሉ፣ የታረደውን በሬ ቀለም ጨምሮ የሚነግራችሁ አታጡም። ሰማንያው በወረቀት ይጻፍ ነበር። ወረቀቱ ግን ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ዋናው ማስረጃ ሰዉ ነበር።

ከተማ ላይ ይህ ይፈርሳል። አዳራሽ ተከራይተን ብዙ ሰው እንጠራለን። ከዓመታት በኋላ ግን ሚዜው አዲስ አበባ ነው፣ ሌላው ካናዳ፣ ሽማግሌዎቹ አርፈዋል። ጎረቤታችሁ ተከራይ ነው፣ ኪራይ ሲጨመርበት ይለቃል። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በየቀኑ ሰላም የምትሏት ሴት ስሟን እንኳ አታውቁትም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማን ይመስክርላችሁ?

መንግሥት ይህን ያሰበው ዛሬ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጽ አስፍሯል። መጨረሻው ላይ ግን አንቀጽ 3361 መጣና፣ መዝገቡ ሥራ የሚጀምርበት ቀን በነጋሪት ጋዜጣ እስኪነገር ይቆይ አለ። ቆየ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። በ2004 አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከሕጉ እስከ መዝገቡ 56 ዓመት! በዚህ መሃል ማዘጋጃ ቤቶች በየራሳቸው መንገድ ይመዘግቡ ነበር። አንዳንዱ ጥሩ አድርጎ፣ አንዳንዱ እንደነገሩ። ስለዚህ የእናታችሁ የጋብቻ ወረቀት ከሌለ አትቆጧቸው። ለብዙው ሰው የሚመዘግብለት አልነበረም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። እኔ ዛሬ አንቀጽ ስጠቅስ ከፌደራሉ ነው፣ ከአዋጅ ቁጥር 213/1992። ዋና ዋናው ሐሳብ ይቀራረባል። ጉዳይ ያለው ሰው ግን የክልሉን ያንብብ፣ ዝርዝሩ ላይ ሊለያይ ይችላል።

በሕጉ ሦስት ዓይነት ጋብቻ አለ። በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) ፊት፣ በሃይማኖት፣ በባህል። ሦስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው። በተክሊል ያገባ፣ ኒካህ ያሰረ፣ በሽማግሌ ፊት ሰማንያ የተፈራረመ፣ ቀበሌ የፈረመ፣ ሕግ ፊት ልዩነት የላቸውም። መመዝገብ ግን ሁሉም አለባቸው። ጊዜው 30 ቀን ነው።

«እኛ በቁርባን ነው ያገባነው፣ ቀበሌ ምን ይጨምርልናል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በቁርባኑ ላይ ምንም አይጨምርም። ቀበሌው ቅዱስ ቁርባኑን አያጸድቅም፣ አይሽርምም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። የንስሐ አባታችሁን ለማያውቅ ሰው፣ መጋባታችሁን በሚያውቀው ቋንቋ ይነግረዋል። እዚህ ላይ ለካህናት አባቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። በተክሊል ጊዜ ሙሽሮቹ የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው። የምስክር ወረቀቱ ላይ ግን የመታወቂያ ስማቸው አብሮ ይጻፍ፣ እባካችሁ። «ወለተ ማርያም» ማን እንደሆነች ለኤምባሲ ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ልጆቹ ከሠርጉ ስድስት ወር በፊት ቀበሌ ሄደው ይፈርማሉ። ለቪዛ ነው፣ ለባንክ ብድር ነው፣ ለሌላም ጉዳይ ነው። ቤተሰብ አያውቅም። ለራሳቸውም «ፊርማ ብቻ ነው» ብለው ነግረዋል። ከዚያ ይጣላሉ። ሠርጉ ይቀራል፣ ጥሎሹ ይመለሳል፣ ሁሉም በየቤቱ ይገባል። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ሌላ ሊያገባ ሲል ባለትዳር ሆኖ ይገኛል። አዎ፣ ባለትዳር ነው። በሹሙ ፊት ፈቃዱን ሰጥቷል፣ ምስክር ቆሟል፣ ፊርማ አለ። ዳስ አለመጣሉ፣ ቬሎ አለመለበሱ ሕጉን አይመለከተውም። መውጫው ፍርድ ቤት ነው፣ ፍቺ። በዚያ መሃል የሠራው ገንዘብ ደግሞ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በአንቀጽ 63 መሠረት፣ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። «ፊርማ ብቻ» የሚባል ጋብቻ የለም።

ወላጆችም ልብ በሉ። ልጆቻችሁ ፈርመው መጥተው «ገና አልተጋቡም» ስትሉ እሰማለሁ። በእናንተ ቤት ልክ ሊሆን ይችላል። በመንግሥት ቤት ግን ተጋብተዋል።

በሹሙ ፊት የሚደረገው ሥርዓት ራሱ አጭር ነው። ለሴቷ ሁለት ምስክር፣ ለወንዱ ሁለት ምስክር። ቃለ መሐላ አለ። ሁለቱም በየአፋቸው ፈቃዳቸውን በግልጽ ይናገራሉ፣ ይፈርማሉ፣ ምስክሮቹ ይፈርማሉ፣ ሹሙም ይፈርማል። ዕድሜ 18 መሙላት ግዴታ ነው። በወኪል ማግባት ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ አይቻልም። ሥርዓቱ በአደባባይ መሆን አለበት ይላል ሕጉ። ከዚያ በፊትም ሐሳባቸው በማስታወቂያ ይነገራል። ለምን? ተቃዋሚ ካለ እንዲመጣ። ያልደረሰች ልጅ ከሆነች፣ ወይም ሰውየው ሌላ ሚስት ካለችው፣ የሚመለከተው ሰው «ቁም» እንዲል ነው።

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ማን ያነብባል? እናንተ የቀበሌያችሁን ሰሌዳ መቼ ነው ቆማችሁ ያነበባችሁት? ዱሮ ዳሱ ራሱ ማስታወቂያ ነበር። አሁን ዳሱም ቀርቷል፣ ሰሌዳውንም የሚያየው የለም።

ይህን ቀዳዳ የምንደፍነው «ያላገባ» በሚባለው ማስረጃ ነው። ቤት ሊሸጥ ውልና ማስረጃ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ባለትዳር ከሆንክ ሚስትህን ይዘህ ና፣ ካልሆንክ ያላገባ ማስረጃ አምጣ ይሉሃል። ጥያቄው ልክ ነው። መልሱ የሚመጣው ግን ከቀበሌ ነው፣ ቀበሌው ደግሞ የሚያውቀው የራሱን መዝገብ ነው። አንድ ሰው ፋሲሎ ክፍለ ከተማ አግብቶ፣ መሸኛ ወስዶ በላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ ቢገባ፣ አዲሱ ቀበሌ የሚያየው መሸኛውን ነው። ሰውየው ያገባው ጎንደር ወይም ደሴ ከሆነማ ጭራሽ። ያላገባ የሚለው ወረቀት ሲጨመቅ «እኛ ዘንድ ያገባ ተብሎ አልተመዘገበም» ማለት ነው። እኛ ግን አለማግባቱ የተረጋገጠ አድርገን እንይዘዋለን። ሁለት ሚስት ይዞ ሁለት ያላገባ ማስረጃ ማውጣት የሚቻልበት አገር ላይ ነን። በሁለት ጋብቻ መኖር በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ወንጀሉን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ሁለቱ መዝገቦች መገናኘት አለባቸው።

ዲጂታል መታወቂያው ይህን ይፈታዋል የሚሉ አሉ። የፋይዳ አዋጅ በ2015 ወጥቷል፣ ቁጥር 1284። ትልቅ ነገር ነው፣ አልጠላውም። ነገር ግን ፋይዳ ማን እንደሆናችሁ ይናገራል እንጂ የማን ባል ወይም የማን ሚስት እንደሆናችሁ አይናገርም። የጋብቻ መዝገቡ ላይ የፋይዳ ቁጥር ቢገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ያኔ በስም መፈለግ ይቀራል።

በስም መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ መዝገብ ቤት ገብቶ የሞከረ ያውቀዋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሚስት ስሟን አትለውጥም፣ ደግሞም ጥሩ ነው። ስለዚህ የሴትዮዋን ስም አይታችሁ ማን እንዳገባት አታውቁም። በዚያ ላይ ደግሞ «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሴት ናቸው ይላል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ወደ ፈረንጅ ሲዞር አንድ ቀን ይዛነፋል፣ አንዳንዴም አንድ ዓመት። 

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ዘመድ አሜሪካ ያለው ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ ብዙ ነው። ኒውዮርክን ልንገራችሁ። እዚያ መጀመሪያ ፈቃድ ይወጣል፣ ከከተማው ጸሐፊ ቢሮ። ዋጋው 35 ዶላር ነው። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ በቤተ ክርስቲያንም፣ በመስጊድም፣ እዚያው ቢሮ ውስጥም መጋባት ነው። ቢሮው ውስጥ ከሆነ ሌላ 25 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ አንድ ምስክር ይበቃል። ላስ ቬጋስማ የፈቃድ ቢሮው በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ «እናስብበት» ለተባለ ጎጃሜ ይህ ቅዠት ነው።

እኔን ያስቀናኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። ኒውዮርክ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰጠችውን የጋብቻ ፈቃድ ይዛለች። የከተማዋ ቤተ መዛግብት በ2022 እ.ኤ.አ. በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቆዩ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦችን ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያይ በነፃ ለቋል። አንድ ሰው ቅድመ አያቱ ከማን ጋር፣ መቼ እንደተጋባ ያገኛል። አዲሱን መዝገብ ግን እንዲህ አይለቁትም። 50 ዓመት ያልሞላውን የሚያገኙት ባልና ሚስቱ ወይም እነሱ የፈቀዱለትና የወከሉት ሰው ናቸው።

ይህ ልዩነት ለእኛም ይጠቅመናል። መዝገቡ ይገኝ ስል ለሁሉም ይከፈት ማለቴ አይደለም። ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬዋ ትልቅ ነው። የማንም ጋብቻና ፍቺ በስልክ የሚፈለግ ከሆነ የቡና መጠጫ ነው የምንሆነው። ከክፉ ባል ሸሽታ የመጣች ሴት አድራሻዋ መገኘት የለበትም። የምለው ሌላ ነው። ቤቱን የሚገዛው ሰው፣ ልጁን የሚድረው አባት፣ የሚመለከታቸው ሰዎች፣ «ይህ ሰው አሁን ባለትዳር ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ከአንድ ቦታ ያግኙ። ከማን ጋር፣ የት፣ መቼ የሚለው ይቅር። አዎ ወይም አይደለም ይበቃል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ግማሹ ነው እውነቱ። በመጽሐፍ ያለም ካልተገኘ አይወረስም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ባል ይሞታል። ሚስት ከእሱ ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች። ሱቅ አብረው ከፍተዋል፣ ቤቱ ሲሠራ ብሎኬት ቆጥራ አስገብታለች። ካርታው በሱ ስም ነው። አርባው ሳይወጣ ከመጀመሪያ ሚስቱ የተወለዱት ልጆች ይመጣሉ። ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። «የአባታችን ነው» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በእኛ ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም። ኑዛዜ ከሌለ ቅድሚያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ታዲያ ሚስት ምን ታገኛለች? ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው። ውርስ ስለሆነ አይደለም፣ ድሮውንም የሷ ስለነበረ ነው። ይህንን ለማለት ግን ሚስት መሆኗን ማስረዳት አለባት። የምስክር ወረቀት ካላት የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። ከሌላት፣ እንደ ባልና ሚስት ይኖሩ እንደነበር፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ ያያቸው እንደነበር በምስክር ታስረዳለች። ሕጉ ይህን በር አልዘጋም። ግን ምስክሩ ማን ነው? ዘመዱ ከሆነ ልጆቹን ይፈራል። ጎረቤቱ ለቋል። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ፍርድ ቤት ቆማ «ሚስቱ ነበርኩ» ብላ ስትከራከር ማየት ያሳዝናል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። በገጠሩ በኩል ክልላችን ከከተማው ቀድሟል። ከ1995 ወዲህ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል፣ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የመራዊ ገበሬ ሚስት በመሬቱ ላይ ያላት ማስረጃ ከባሕር ዳር ነጋዴ ሚስት ይጠነክራል። ከተማ ላይ የቤት ካርታ በአንድ ሰው ስም ሲወጣ ማንም አይገርመውም። ለምን እንደሆነ እኔም አይገባኝም። የከተማውም ካርታ ሁለት ፎቶ ቢኖረው ምን ይጎዳል?

በሕይወት እያላችሁም ወረቀቱ ይሠራል። አንቀጽ 68ን እዩት። ባልም ሆነ ሚስት የጋራውን ቤት ያለ ሌላው ስምምነት መሸጥ፣ ማስያዝ አይችሉም። ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር፣ ለሰው ዋስ መሆንም አይችሉም። አዎ፣ 500 ብር። በ1992 ገንዘብ ነበር። ዛሬ በፊደሉ ብንሄድ ሚስቱን ሳያማክር ለጓደኛው ያበደረ ወንድ ሁሉ ሕግ ጥሷል። ቁጥሩ አርጅቷል፣ መታደስ አለበት። ሐሳቡ ግን አላረጀም። ባሏ ቤቱን ሳያማክራት ያስያዘባት ሚስት ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ትችላለች፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ። ባንኩ ሚስት መኖሯን ቀድሞ ካወቀ ግን ነገሩ እዚያ አይደርስም። ባንኩ የሚያውቀው ደግሞ ከመዝገብ ነው።

እንግዲህ የምታደርጉትን ባጭሩ። ሠርጉ በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ ሁለታችሁም ቀበሌ ሂዱ። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ምስክሮች፣ በሃይማኖት ከሆነ የቤተ እምነቱ ወረቀት ያስፈልጋል። ሚዜዎቹ ሳይበተኑ፣ በመልስ ሰሞን ብትሄዱ ምስክር ፍለጋ አትንከራተቱም። ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀን፣ የእንግሊዝኛው ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር። አንዲት ፊደል ለማስተካከል በኋላ ፍርድ ቤት ሊወስዳችሁ ይችላል። ከ2008 በፊት የተጋባችሁ እናትና አባቶችም በነባር ትመዘገባላችሁ። «ከ30 ዓመት በኋላ ምን ሊያደርግልን» አትበሉ፣ ከላይ ያልኳችሁን መበለት አስታውሱ። የጋብቻ ውል መዋዋል የሚፈልግ ካለ ደግሞ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ይሁን። በጽሑፍ፣ አራት ምስክር ባለበት፣ ሁለት በሷ በኩል ሁለት በሱ። ከሠርጉ ማግሥት ትዝ ያለው ሰው አርፍዷል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ አንዲት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ከተፋቱስ? መዝገቡ ይፋቃል?» አሉ።

አይፋቅም፣ እናቴ። ፍርድ ቤት ፍቺውን ሲወስን፣ ውሳኔው ቀበሌ ሄዶ በፍቺ መዝገብ ይመዘገባል። ለሱም 30 ቀን ነው ያለው። ብዙ ሰው ውሳኔውን ኪሱ ከቶ ይቀራል፣ ከዚያ ደግሞ ሊያገባ ሲሄድ መዝገቡ ላይ አሁንም ባለትዳር ነው። የጋብቻውም የፍቺውም ወረቀት አብረው ይቀመጡ። ሴት ከሆነች ደግሞ ድጋሚ ለማግባት 180 ቀን ትጠብቃለች። ቶሎ ካስፈለጋት እርጉዝ አለመሆኗን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ታቅርብ። በ180 ቀኑ ውስጥ ከወለደችም መጠበቁ ይቀርላታል።